ከገደል አፋፍ ያለች ሻይ ቤት

እንግዳን የሚስበው የግድግዳው ጌጥና የምንጣፉ ብዛት ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ዳሩ ግን ጌጥ የሌላት አንዲት ቤት ከመቶ ዓመት በላይ እንግዳ ሳይጐድልባት ስትኖር ስላየን፥ ያየነውን ለክቡራን አንባብያን ለማካፈል ወደድን።

ይህች ቤት በሞሮኮ አገር በታንጀር ከተማ፥ መርሻን በሚባለው ሠፈር የምትገኘው የሐፋ ሻይ ቤት ናት። የተከፈተችው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. ነው። ሐፋ ማለት በዐረብኛ ጠርዝ ማለት ሲኾን፥ እኛ አፋፍ ከምንለው ቃል ጋራ በድምፅም በትርጕምም ይቀራረባል። በእውነትም ቤቲቱ የተሠራችው በገደል ላይ ነው፤ እርከኖቿም እንደ ተራራ እርሻ ደረጃ በደረጃ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። በየእርከኑ ተራ ጠረጴዛና ወንበር ከመደርደሩ በቀር ሌላ ዕቃ የለም። የሚቀርበው ናና የተጨመረበት ጣፋጭ ሻይ በብርጭቆ ነው፤ የራበው ሰው ደግሞ ቢሳራ የሚሉትን ከባቄላ ክክ የሚሠራ ሾርባ ያዝዛል።

ከወንበሩ ላይ ኾኖ የሚታየው ግን በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። ከፊት ለፊት የጂብራልታር ጠባብ ባሕር ተዘርግቷል። ጠባቡ ስፍራ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ኾነ፥ ሰማዩ በጠራ ቀን የእስፓኝ ተራሮች ወለል ብለው ይታያሉ። ታላላቅ መርከቦችም ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራኒያን፥ ከሜዲትራኒያንም ወደ አትላንቲክ ሲተላለፉ ይውላሉ። ነገር ግን ይህ ውብ ባሕር በትንንሽ ጀልባ ሊሻገሩ የሞከሩ ብዙ ወጣቶችን አስቀርቷል።

እኛም በዚያ የተቀመጥነው ወደ አውሮፓ ለትምህርት የሚኼደውን ልጃችንን ለመሸኘት በተጓዝንበት ጊዜ ነው። ባረፍንበት ሆቴል ያማረ አዳራሽ ሳለ፥ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ልብስና ስለ ገንዘብ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም ነበር። በሐፋ ግን ልጃችን የማዶውን ተራራ ብዙ ጊዜ ሲመለከት ቈይቶ፥ ዐይኑን ከባሕሩ ሳያነሣ፥ «አባባ፤ እማማ፤ ትምህርቴን ስጨርስ ወዲያው ይመለሳል ብላችኹ አትጠብቁኝ» አለ።

እናቱ ብርጭቆዋን እንደ ያዘች ዝም አለች። ኋላም፥ «ሰው ባሰበው ስፍራ ይኖራል፤ ብቻ ዘንድሮ እመጣለኹ፥ ለከርሞ እመጣለኹ እያልህ አታባብለን። የቈረጥኸውን በቈረጥህበት ቀን ንገረን» አለችው። እርሱም፥ «እሺ፥ እማማ» አለ።

በዚያች ከተማ በ1304 ዓ.ም. የተወለደው ታላቁ መንገደኛ ኢብን ባቱታ ትዝ አለን። እርሱ ዘይላን ሳይቀር የጐበኘ ሰው ነው። በ1325 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ ከቤቱ ሲወጣ አባቱም እናቱም በሕይወት ነበሩ። የአባቱን ሞት ደማስቆ ላይ የሰማው ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1349 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስም እናቱን ወረርሽኝ ቀድሞ ወስዷት ነበር። በዚያ ዘመን መልእክት ስለማይደርስ ማንም አይወቀስም፤ ዛሬ ግን ድምፅ በአንድ አፍታ ባሕር ስለሚሻገር፥ ዝም ማለት የሩቅ አገር ጥፋት አይደለም።

ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ይተፋፈራሉ፤ ጐን ለጐን ተቀምጠው አንድ ነገር የሚያዩ ግን የልባቸውን ይናገራሉ። ስለዚህ በየቤታችን ከእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ሌላ፥ ምንጣፍ ባይኖረውም ሰማይ ወይም ተራራ የሚታይበት አንድ መደብ ቢኖር መልካም ነው። ልጆቻችን ሊነግሩን የሚፈሩት ነገር ካለ፥ ከመንገዱ በፊት በዚያ ላይ ይንገሩን።