«እኔ ነኝ ያልቻልኩት»

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ኤች ሲ አይ የሚባል ኮርስ ወስደን ነበር። ሙሉ ስሙ ሂዩማን ኮምፒውተር ኢንተራክሽን ነው፤ ሰውና ኮምፒውተር እንዴት እንደሚግባቡ የሚያጠና ትምህርት። በምዝገባው ሰሞን ከሲኒየሮቻችን የሰማነው ምክር «ቀላል ነው፣ ሽምደዳ ነው» የሚል ነበር። ኮድ የለውም፣ ሒሳብ የለውም። ዛሬ እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ይዤው ከወጣሁት ሁሉ በየቀኑ የምጠቀምበት ትምህርት ቢኖር ግን ይኸው «ቀላል» የተባለው ነው።

ፕሮጀክታችን የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ማስያዣ አፕ ነበር። አምስት ሆነን ስንት ሌሊት አድረንበት ሠራነው። መምህራችን «ከክፍል ጓደኞቻችሁ ውጭ ላለ ሰው ሰጥታችሁ ሞክሩት» ስላሉን፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት ቡና ወደሚያፈሉልን እትዬ ሄድን። «እትዬ፣ እስቲ ለረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ይያዙበት» አልናቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ስልኩን ተቀበሉ። ረቡዕን አገኙ። ከሰዓቶቹ መካከል 3:00 የሚለውን ነኩ። አፑም አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ መዘገበላቸው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ። ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንዲቆጥር አድርገን ነበር የሠራነው። እትዬ ደግሞ እንደ እኔና እንደ እናንተ ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ።

የሆነውን ስንነግራቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱልንና «ውይ ልጆቼ፣ እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ስልኩስ ደህና ነው» አሉ።

እኛም አመንናቸው። ሪፖርታችን ላይ «ተጠቃሚዋ በቂ የቴክኖሎጂ ልምድ የላቸውም» ብለን ጻፍን። መምህራችን ከዓረፍተ ነገሩ ሥር በቀይ አስምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው መለሱልን፦ «ማን ነው የተሳሳተው?»

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስለ ቢ-17 አውሮፕላኖች አስተማሩን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እነዚህ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በሰላም ካረፉ በኋላ፣ አብራሪው የክንፉን ፍላፕ የሚሰበስብ መስሎት ጎማውን ያጥፈውና አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛ ነበር። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «የአብራሪ ስሕተት» ነው። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ኮክፒቱን ሲመረምር፣ የጎማውና የፍላፑ ማንሻዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ቅርጻቸውም አንድ ነው። የደከመ እጅ በምን ይለያቸው? መፍትሔው አብራሪውን መገሠጽ ወይም እንደገና ማሠልጠን አልነበረም። የአንዱን ማንሻ ጫፍ ጎማ፣ የሌላውን ሽብልቅ አስመስሎ መሥራት ነበር፤ እጅ ያለ ዓይን እንዲለያቸው። ዛሬም የመንገደኛ አውሮፕላን የጎማ ማንሻ ጫፉ ጎማ ይመስላል።

ቀጥሎ የመጣው እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 በፔንስልቬንያ፣ በስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ የደረሰው አደጋ ነው። አንድ ቫልቭ ሳይዘጋ ቀረ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት ግን ጠፋ። መብራቱ የሚያሳየው «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መላኩን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። ሠራተኞቹ ተዘግቷል ብለው አመኑ፤ ማቀዝቀዣው ውኃ ፈሰሰ፤ የማብላያው እምብርት በከፊል ቀለጠ። መጀመሪያ የተወቀሱት ሠራተኞቹ ነበሩ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉን እንዲመረምሩ ከተጠሩት ምሁራን አንዱ ዶናልድ ኖርማን ሲሆን፣ ጥፋቱ የክፍሉ አሠራር ነው ከሚለው መደምደሚያ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው፣ ስለ በርና ስለ ምድጃ ማብሪያ ሳይቀር የሚያወራው መጽሐፉ የዚህ ትምህርት መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው።

እስከዚህ ያለውን የትም አገር ያለ ተማሪ ይማረዋል። እኔን ለዓመታት ያሳሰበኝ ግን መጽሐፎቻችን የማይነግሩን ነገር ነው።

ኮርሱ ከሚያስተምራቸው የሙከራ ዘዴዎች ዋናው «እያሰቡ መናገር» ነው። ሰውየው አፑን እየነካካ ያሰበውን፣ የጠበቀውን፣ ያናደደውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ አንተ ትጽፋለህ። የዘርፉ ባለሙያ ጃኮብ ኒልሰን አምስት ሰው ብቻ እንኳ ብትሞክር አብዛኛውን ችግር ታገኛለህ ይላል። ዘዴው ግን ሰው ቅሬታውን ፊት ለፊት ይናገራል ከሚል እምነት ይነሣል። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ልጆች ደክመው የሠሩትን ነገር ፊታቸው ላይ «አይረባም» የሚል እናት የት ይገኛል? «እንዴት ነው፣ ወደዱት?» ብለህ ስትጠይቅ መልሱ «በጣም ጥሩ ነው፣ ይባርካችሁ» ነው። አልሠራ ሲል ደግሞ ጥፋቱን ራሳቸው ላይ ይወስዱታል። ይህ ደግነት ነው፤ የምኮራበት ደግነት። ሶፍትዌር ሠሪ ግን ይህን ደግነት እንደ ማስረጃ ከተቀበለው መጥፎ ሥራውን ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ አፍ የሚለውን ትቼ ጣት የሚያደርገውን ማየት ተማርኩ። የት ቆመ? የቱን ሁለቴ ነካ? መቼ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ? ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ሁለት ሰዎችን አብሮ ማስቀመጥ ነው። ሉሲ ሰችማን በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሳለች ሰዎችን ሁለት ሁለት እያደረገች ከአንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር ሲታገሉ ቀርጻለች፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው መጽሐፏም ተንትናዋለች። ትልልቅ ሳይንቲስቶች ሳይቀሩ ማሽኑ ፊት ግራ ሲጋቡ ይታያሉ። እኛም ዘንድ ጎረቤታሞች አብረው ሲቀመጡ ለእኔ የማይነግሩኝን እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፦ «ኧረ እሱን አይደለም፣ ታችኛውን ንኪው!» «ይሄ ደግሞ ምን ሊለኝ ነው?» በዚያች «ምን ሊለኝ ነው» ውስጥ አንድ ሙሉ ሪፖርት አለ።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር ስክሪኑ ላይ ጠረጴዛና ፎልደር ያስቀመጠው ለቢሮ ሠራተኞች ስለተሠራ ነው፤ ከሚያውቁት ዕቃ ተነሣ። ያንን ዘዴ እኛ ስንወስድ ጠረጴዛውን ብቻ ቀዳን እንጂ «ሰው ከሚያውቀው ተነሥ» የሚለውን ነገር አልወሰድንም። ለዚህ ነው ልደቱ ጳጉሜን 3 የሆነ ሰው 12 ወር ብቻ ካለው ዝርዝር ውስጥ የራሱን ወር የሚያጣው። ለዚህ ነው የአያት ስማችን «የቤተሰብ ስም» በሚል ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ የአንድ ቤት ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በወረቀት የማይዛመዱ የሚመስሉት። ለዚህ ነው በስልክ በአጭር ቁጥር የሚሠራ አገልግሎት ቀስ ብለው የሚያነቡ አባት ምርጫዎቹን አንብበው ሳይጨርሱ የሚዘጋባቸው። አባቴ ይህ ሲሆንባቸው አይቻለሁ፤ እሳቸውም «ዓይኔ ነው» አሉ።

ያኔ መምህራችን ይህን ካስተማሩን በኋላ ወደ እትዬ ተመልሰን ሄድን። ሰዓቱን «ጠዋት 3 ሰዓት»፣ «ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት» ብለን በፊደል ጽፈነዋል፤ ጤና ጣቢያው ዝግ የሚሆንባቸውን ሰዓቶች ከምርጫው ጨርሶ አውጥተናቸዋል። ከጎናቸው ድንች የሚሸጡትን ጎረቤታቸውን አስቀመጥን። ሁለቱ እየተነጋገሩ ሳይጠይቁን ያዙት። የለወጥነው ኮድ አንድ ገጽ አይሞላም።

ይህን ኮርስ የምታስተምሩ መምህራን፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የኒልሰንን አሥር የዲዛይን መርሖች «ዘርዝሩ» የሚለውን የፈተና ጥያቄ ቀንሱና ተማሪዎቻችሁን ከግቢ አስወጧቸው። መናኸሪያ፣ ገበያ፣ የጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ይቀመጡ። ሰው ሲሠራ ይዩ፤ እጃቸውን ሰብስበው፣ ሳያርሙ፣ ሳያስረዱ። «እኔ ነኝ ያልቻልኩት» የሚል ሰው ሲያጋጥማቸው፣ ሪፖርታቸውን የሚጀምሩት ከዚያች ዓረፍተ ነገር ይሁን።