የደበቅነው መጽሐፍ

ነገሩን ከጥፋታችን ብንጀምር ይሻላል። በሁለተኛው ዓመት ትምህርታችን፥ ለመላው ክፍል ሁለት ቅጂ ብቻ ከነበረው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ አንዱን ከቦታው አንሥተን፥ ማንም በማይነካቸው የድሮ የእርሻ መጽሔቶች ጀርባ ሸሸግነው። አልሰረቅነውም፤ ከቤተ መጻሕፍቱም አላወጣነውም። ማታ ማታ እየሄድን እናነበውና ወደ መደበቂያው እንመልሰው ነበር። አራታችንም የላስታ ልጆች ነን፤ ባንድ መኝታ ቤት አድረን፥ ካንድ ትሪ በልተን፥ ባንድ መጽሐፍ አጥንተን አራታችንም አለፍን። ከኛ ጋር ይማር የነበረ አንድ የሌላ አገር ልጅ ግን መጽሐፉን ሦስት ሳምንት ሲፈልግ ከርሞ በፈተናው ወደቀ። የወደቀው በኛ ምክንያት ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ በኛ ምክንያት አይደለም ለማለት ግን ከዚያ የባሰ አንደፍርም።

ይህንን የምንጽፈው ለመናዘዝ ያህል ብቻ አይደለም። አንባቢዎቻችን ተማሮች ናችሁና፥ ከመካከላችሁ መጽሐፍ ያልደበቀ፥ ገጽ ያልገነጠለ፥ የተዋሰውን ማስታወሻ «ጠፋብኝ» ብሎ ያላስቀረ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ አናወጣም።

«ለምን አልገዛችሁም?» የሚለን ቢኖር ዋጋውን እንንገረው። ከውጭ አገር የሚመጣ አንድ የኮሌጅ መማሪያ መጽሐፍ በዚያው በታተመበት አገር 100 ዶላርና ከዚያም በላይ ሲሸጥ የተለመደ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር አልፏል። እንግዲህ 5 ሺህ 700 ብር ያወጣ የነበረው መጽሐፍ ከ10 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። እኛ በፊትም በ5 ሺህ 700 አንገዛውም ነበርና፥ ልዩነቱ ሰማዩ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ማለቱ ነው።

ካራታችን ያንዱ አባት በላሊበላ በቅሎ የሚያከራይ ሰው ነበረ። ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ እንግዳ አቀበቱ ሲከብደው በቅሎ ይከራያል፤ ልጁ የሚማረው በዚያች ኪራይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣና እንግዳው ቀረ። በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከላሊበላ ደረሰ፤ ያም አለፈ ሲባል በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። በቅሎዋ ተሸጠች። በቅሎውን ለሸጠ አባት «ለመጽሐፍ የሚሆን ገንዘብ ላክልኝ» ብሎ መደወል እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል፤ ወንድማችን ሁለት ጊዜ ደውሎ፥ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ጠይቆ ዘጋው።

ስለዚህ ሁላችንም ወደ ኮፒ ቤት እንሄዳለን። ሥርዐቱን ታውቁታላችሁ፤ መጽሐፉ በየምዕራፉ ተከፋፍሎ በሳጥን ይቀመጣል፥ ተማሪው የሚፈተንበትን ምዕራፍ ብቻ ገዝቶ ይወጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም መጽሐፍ ከመጀመሪያ ገጹ እስከ መጨረሻው አይተን አናውቅም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማድረግን ሲፈቅድ፥ አንድን መጽሐፍ በሙሉ ወይም አብዛኛውን ማባዛትን ግን አይፈቅድም። በሕጉ ዓይን እንግዲህ እኛም ኮፒ ቤቱም ያው ነን። ደራሲ የድካሙን ዋጋ ማግኘት አለበት ብለን እናምናለን፤ ስናምን ግን የምንቆመው በኮፒ ቤቱ ሰልፍ ውስጥ ነው።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገራችን ገባን። ጋሸና ላይ ከመኪና ወርደን፥ ለቀረው 64 ኪሎ ሜትር ሌላ መኪና ስንጠብቅ ግማሽ ቀን ሄደ። በማግሥቱ፥ ካንዳችን ቤት አጠገብ የሚኖሩትን አንድ የዜማ መምህር ልንጠይቅ ሄድን። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አንዲት ሥረይ ስታመልጥ ትሰማለች። አንድ ለምድ የለበሰ ትንሽ ተማሪ አኩፋዳውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከደጃፉ ይቀጽላል። የኔታ ስለ ትምህርታችን ጠየቁን፤ እኛም፥ ተማሪ ሲጠየቅ እንደሚያደርገው፥ ስለ ትምህርቱ ትተን ስለ መጽሐፍ ዋጋ አወራን።

«እናንተስ መጽሐፉን አትጽፉትም?» አሉ። ያሾፉ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን አላሾፉም። ከማኅደሩ አውጥተው ድጓቸውን አሳዩን። በተማሪነታቸው ዘመን ከመምህራቸው መጽሐፍ እያዩ በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው። ፍየሉን ማን እንደ ሰጣቸው፥ ቆዳው እንዴት እንደ ተወጠረ፥ እንዴት እንደ ተፋቀ፥ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት እንዴት እንደ ተበጠበጠ፥ መቃው ስንት ጊዜ እንደ ተቀረጸ፥ አንድ በአንድ ነገሩን። የዜማ ተማሪ ድጓውን ጽፎ ካልያዘ ተማረ አይባልም ነበር፤ እጁ ሲጽፍ ልቡ ይይዘዋልና። መምህሩ ስላስተማረ ገንዘብ አይቀበልም፤ ተማሪውም ቁራሽ ለምኖ ያድራል።

በመጨረሻው ቅጠል ላይ፥ በብዙ የብራና መጻሕፍት እንደሚገኘው፥ የግዝት ቃል ተጽፎበታል። መጽሐፉን የሰረቀውና የፋቀው ይወገዛል። ካራታችን አንዱ፥ አዋጁ ትዝ ብሎት ይሆናል፥ «የኔታ፥ የቀዳውስ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«የቀዳው ምን አደረገ? አበዛው እንጂ!» አሉና ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያልታሰበ ዝምታ ሆነ። ያው ወንድማችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የደበቀውስ?» አለ። ለምን እንደ ጠየቀ አላወቁም። ትንሽ አሰቡና፥ «የደበቀው ከሰረቀው በምን ይሻላል? ሌባው እንኳ ሸጦት ከሚያነብ ሰው እጅ ይደርሳል» አሉን።

ቡና ተፈላ፤ ቡናው ግን ለኛ እንደ ወትሮው አልሆነልንም።

አሁን እንዲህ ስንል የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። ያ ትምህርት ያለ ዋጋ አልነበረም። የአድባራቱ መሬት በ1967 ዓ.ም. እስኪወረስ ድረስ ያገለግል የነበረውን ካህን ያበላው ነበር፤ ቆዳውን ባለ ፍየል፥ ቁራሹን የመንደሩ ሴቶች ከፍለዋል። ተማሪውም በውሻ ንክሻና በረኃብ ከፍሏል፤ ሴት ልጅማ ከደጃፉ የምትደርሰው ከስንት አንዴ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ተለይቶ ታውቋል፤ ዋጋ የሚያስከፍለው ቆዳውና ጉልበቱ እንጂ በውስጡ ያለው ቃል አልነበረም። ቃሉን ለመቅዳት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም ነበር።

በውጭው ዓለም ይህ አሠራር በሌላ መንገድ ተመልሶ መጥቶ ስም ወጥቶለታል፤ ክፍት የትምህርት ሀብት ይባላል። ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኔስኮ በጠራው ስብሰባ ነው። ደራሲው ስሙን አስጠብቆ፥ ሌላው ሰው መጽሐፉን እንዲቀዳ፥ እንዲተረጉም፥ እንዲያሻሽልም አስቀድሞ ይፈቅዳል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የትምህርቶቹን ጽሑፍ ለማንም እንደሚከፍት እ.ኤ.አ. በ2001 አስታወቀ። በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኦፕንስታክስ በሚባለው ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያውን የኮሌጅ ፊዚክስ መጽሐፍ ያለ ክፍያ ለቀቀ፤ ዛሬ የስታቲስቲክስ መጽሐፍም አለው። ይህንን ያወቅነው መጽሐፉን ከደበቅን በኋላ ነው! እኛ የእርሻ መጽሔት ጀርባ ስንቧጥጥ፥ ያንኑ ትምህርት የሚሰጥ ሙሉ መጽሐፍ በስልካችን በነጻ ይገኝ ነበር። የነገረን ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አገራችንም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለችም። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው ፖሊሲ፥ በሕዝብ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራ ምርምርና የመመረቂያ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ተደንግጓል። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ሲጀመር፥ ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፥ ስለ ሥነ ልቡና፥ ስለ ማኅበራዊ ሥነ ሰብ ለመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ሞጁሎች ተዘጋጁ፤ እነዚህም በቴሌግራም ካንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲተላለፉ አይተናል። ስሕተት አላቸው፤ አንዳንዱ ገጽ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የተለጠፈ ይመስላል። ሆኖም በዩኒቨርሲቲ ቆይታችን ከዳር እስከ ዳር ያነበብናቸው እነሱን ብቻ ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ያ ምንጭ ይደርቅና እያንዳንዱ ዲፓርትመንት በየፊናው ይሆናል።

መውጫ ፈተናውስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ ከመቶ 50 ማምጣት አለበት፤ ፈተናውም በየትምህርቱ ለመላ አገሪቱ አንድ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በጦርነቱ የተዘረፈው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና መደርደሪያው ሙሉ በሆነ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ተማሪ ለአንድ ጥያቄ ይቀመጣሉ። አንድ ፈተና ካለ አንድ መጽሐፍ መኖር ይገባው ነበር፤ ይህንን ለማለት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

«ሁሉም በኢንተርኔት አለ» የሚለው መልስ ለላስታ ሰው አይበቃም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበረ፤ ክፍቱ መጽሐፍ ሁሉ ባንድ ቀን ተዘጋ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስደው ለንደን ከደረሱት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ፎቶግራፋቸው ተነሥቶ ለማንም በነጻ ይታይ ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን በዚያው በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ላይ የኮምፒዩተር ጥቃት ደረሰና ፎቶግራፎቹ ለረጅም ጊዜ ተሰወሩ። በዚያ ወራት እነዚያን የብራና መጻሕፍት ላሊበላም ሆኖ ለንደንም ሆኖ በስልክ ማየት አልተቻለም። የየኔታ ድጓ ግን ከማኅደሩ ይወጣ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ ክፍት ቢሆንም በወረቀትም፥ በሚሞሪ ካርድም፥ በየሰዉ እጅ ተበትኖ መኖር አለበት እንላለን።

ሌላም ችግር አለ። ያ የፊዚክስ መጽሐፍ ስለ ቤዝቦል ይጠይቃል፤ ቤዝቦል ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ መጽሐፍ ያስፈልገናል። ፈቃዱ ግን እንድንለውጠው ይፈቅድልናል። ለምሳሌ አንዲት በቅሎ 70 ኪሎ የሚመዝን እንግዳ ተሸክማ 600 ሜትር ሽቅብ ብታወጣው፥ እሱን ለማንሣት ብቻ የሠራችው ሥራ 411 ሺህ 600 ጁል ያህል ነው። ይህንን ስሌት የሠራው ያ ባለ በቅሎው ልጅ ነው። ሲጨርስ «ለዚህ ሁሉ ጁል ገብስ ብቻ ነበር የምንሰጣት» አለ።

ከክረምት ከተመለስን ወዲህ አንድ ደብተር ጀምረናል። ክፍት ከሆነው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ እየቀዳን፥ ማብራሪያውን በአማርኛ፥ የሙያውን ቃል እንደ ፈተናው በእንግሊዝኛ እናደርገዋለን። ለአማካይና ለመካከለኛ ምሳሌ የወሰድነው በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ስምንት ሳምንት የተመዘገበ የገብስ ዋጋ ነው፤ የመዘገበችልን ያንዳችን እኅት ናት። ሁለት ምዕራፍ አልቋል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማንም እንዲቀዳው፥ ከየት እንደ ቀዳውም እንዲጠቅስ ጽፈናል። በመጨረሻው ገጽ የግዝት ቃል ልንጽፍ አስበን ነበር፤ ሥልጣኑ የለንምና ተውነው።

የደበቅነውን መጽሐፍ ወደ ቦታው መልሰነዋል። ትምህርቱን ደግሞ የሚማረውን ያንን ልጅም አግኝተን እውነቱን ነገርነው። ይሰድበናል ብለን ስንጠብቅ፥ «የትኛው መደርደሪያ ነበረ?» ብቻ አለን። ነገርነው። ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ በዚያ መደርደሪያ አጠገብ ተቀምጦ ያጠና ኖሯል። ከዚያ ሁለተኛውን ምዕራፍ ወሰደ። በአራተኛው ቀን ሲመልስልን፥ ገጽ 11 እና 17 ላይ የሠራናቸውን ሦስት ስሕተቶች በቀይ እስክሪፕቶ አርሞልን ነበር።