ቀስ ብሎ ወይስ ቀስ በቀስ?

ባለፈው ወር አንድ ማታ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃችን የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። ጥያቄው «ስሎውሊ» እና «ግራጁዋሊ» የሚሉትን ቃላት ልዩነት በምሳሌ አስረዱ የሚል ነበር። እኛም ብዙ ሳናስብ «አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቀስ ማለት ነው» አልናት። አላመነችንም። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ እሷ ልክ ሆና ተገኘች።

«ስሎውሊ» የሚናገረው ስለ ፍጥነት ነው፤ ኤሊ ቀስ ብላ ትሄዳለች። «ግራጁዋሊ» ግን ስለ ለውጥ ነው፤ አንድ ነገር በትንሽ በትንሹ ተለውጦ ሌላ ሲሆን ይነገራል። ልጃችን «ሌሊቱ ቀስ በቀስ ይነጋል» ብላ ጻፈች። የቃሉ ሥር «ግራዱስ» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ እርምጃ ወይም ደረጃ ነው። ለካ አማርኛችንም «ቀስ ብሎ» እና «ቀስ በቀስ» እያለ ይለያቸዋል!

ልጃችን ደብተሯን ዘግታ ተኛች፤ እኛ ባልና ሚስት ግን ከቃሉ ጋር ቀረን። በትዳራችን የመጀመሪያ ዓመታት ማታ ማታ አብረን ሳንጸልይ አንተኛም ነበር። ይህ ልማዳችን መቼ ቆመ? ቀኑን ማናችንም ማስታወስ አልቻልንም። «እናቁም» ብለን አልተነጋገርንም። አንድ ምሽት ደከመን፤ ሌላ ምሽት እንግዳ መጣ፤ ከዚያ እያንዳንዳችን ስልካችንን እያየን መተኛት ለመድን። ደረጃ ለመውጣት ብቻ ሳይሆን ለመውረድም እንደሚያገለግል ያን ጊዜ ገባን።

በዚያ ምሽት ትልቅ ቃል አልገባንም። እጅ ለእጅ ተያይዘን ለአምስት ደቂቃ ያህል ጸለይን። እውነቱን ለመናገር፣ አብሮ መጸለይ እንግዳ ሆኖብን ቃላት አጥሮን ነበር። ከዚያ ወዲህም ያለፉን ምሽቶች አሉ፤ አንዳንዴም የምታስታውሰን ልጃችን ናት።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታ ኢየሱስ በቤተ ሳይዳ አንድ ዓይነ ስውር ሲፈውስ እጁን ሁለት ጊዜ ጫነበት። መጀመሪያ ሰዎቹ ዛፍ መሰሉት፤ አጥርቶ ያየው ከሁለተኛው በኋላ ነው። ጌታ ግማሽ መንገድ ላይ አልተወውም። እኛም ገና አጥርተን ባናይም፣ ይህ ያጽናናናል።

የተወደዳችሁ ወገኖቻችን፣ እናንተስ ሳታውቁት የወረዳችሁት ደረጃ ይኖር ይሆን? ሁሉንም በአንድ ሌሊት ለመመለስ አትጨነቁ። ዛሬ ማታ አንዱን ደረጃ ውጡ። ጌታ ይርዳችሁ፤ እኛንም ይርዳን።