የብዕሬ ቀዳዳ የዘር ሐረግ

የእንጨት ብዕር ለመሥራት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ማለስለሱ ጨዋታ ነው፣ ጣጣው ያለው ቀዳዳው ላይ ነው። 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን የወይራ ቁራጭ ለሁለት ይከፈልና እያንዳንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በ7 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳል። የናስ ቱቦው ተጣብቆ የሚቀረው እዚያ ውስጥ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህ ጭንቀት አልነበረባቸውም፤ መቃ ቀዳዳውን ይዞ ይበቅላል።

ፑንታ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው፣ ሲሠሩበት አመለኛ። ጫፉ ላይ፣ ድፍን መሐሉ ላይ ያለችው አጭር ጠርዝ እንጨት አትቆርጥም፤ እየጨፈለቀች ነው የምትገባው። የወይራ ጅማት ደግሞ ጠማማ ስለሆነ ጠንካራው ወደ ለስላሳው ይገፋታል፣ ቀጭኑ ፑንታም ይለመጣል። በመሐል የገባው በጎን ብቅ ይላል።

ትራፓኖውን ትቼ እንጨቱን ቶርኖ ላይ ማሰር የጀመርኩት ለዚህ ነው። እዚያ የሚዞረው እንጨቱ ነው፤ ፑንታው ሳይዞር ወደፊት ብቻ ይገፋል። ፑንታው በሚዞርበት ጊዜ አንዴ መስመር ከሳተ የሚመልሰው የለም። እንጨቱ ሲዞር ግን ከቦታው የማይነቃነቀው መሐሉ ብቻ ነው፤ ከዚያ ፈቀቅ ያለን ፑንታ እንጨቱ በየዙሩ ከየአቅጣጫው እየገፋ ወደ መሐል ይመልሰዋል።

የዚህ ብልሃት ዘር ሲቆጠር የሚደረሰው ብዕር ሠሪ ዘንድ ሳይሆን መድፍ ሠሪ ዘንድ ነው። አውሮፓ ውስጥ መድፍ ሲፈስ መሐሉ ላይ ጭቃ የተለሰነ ዘንግ ይተከል ነበር፤ የቀለጠው ብረት ሲወርድበት ዘንጉ ይዘምና ቀዳዳው ተንጋዶ ያርፋል። በ18ኛው መቶ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው ዮሐን ማሪትዝ መድፉን ድፍን አፍስሶ ኋላ መብሳትን አመጣ። እንግሊዛዊው ጆን ዊልኪንሰን ደግሞ በ1774 እ.ኤ.አ. መሰርሰሪያው ሳይሆን መድፉ የሚዞርበትን አሠራር በስሙ አስመዘገበ፤ ፓተንቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ተሰረዘበት እንጂ አሠራሩስ ዘልቋል። እኔ ለፊርማ መጻፊያ የማሽከረክረው የእሱን መድፍ ነው።

ደግሞ ብዙ ሰው የሚጨነቅለት መሐል ለተራ ብዕር ያን ያህል ግድ አይሰጠውም። ቱቦው ከገባ በኋላ እንጨቱ የሚላገው በቱቦው ዙሪያ ስለሆነ፣ ቀዳዳው የዋለበት ቦታ መሐል ይሆናል። (ሹመትም እንዲሁ ነው።) ምሕረት የሌለው ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው እንጨቶች ተገጣጥመው የተሠራ ቁራጭ ነው፤ ቀዳዳው ከዘመመ ጥለቱ ባንድ ወገን ሰፍቶ በሌላው ይጠብባል፣ ያን ሁሉ የማጣበቅ ድካም ገደል ይከተዋል።

ከመድፍ የወረስነው ሌላው ሙቀት ነው። የሳይንስ ተመራማሪው ካውንት ራምፎርድ ሙኒክ ውስጥ፣ በፈረስ ጉልበት በሚዞር ማሽን፣ ደነዝ መሰርሰሪያ መድፍ ላይ እያሸ ያለ እሳት ውሃ አፍልቷል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ጽሑፉን በ1798 እ.ኤ.አ. አሳተመ፣ የሙቀትን ምንነት ለሚመረምሩትም የቤት ሥራ ሰጠ። ወይራ ግን ሳይንስን የሚጠብቅ ትዕግሥት የለውም፤ ሲግል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፑንታውን ትንሽ ገፋ ባደረግሁ ቁጥር መልሼ አወጣና በቦዩ የታጨቀውን ብናኝ አራግፋለሁ። "ለአንድ ብዕር ይህን ያህል?" ይለኛል ጎረቤቴ። መድፍ ቢሆን ምን ሊል ነው!