ትሬዠር ቢች፦ የዓሣ አጥማጆች መንደር

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሞቃት ባሕር ለመሄድ ስታስቡ ቶሎ የሚመጣላችሁ ሪዞርት ነው። አውቃለሁ፤ ደንበኞቼ ከእረፍት ተመልሰው የሚያሳዩኝ ፎቶ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ገንዳ፣ ጃንጥላ፣ ክንድ ላይ የታሰረች የፕላስቲክ አምባር። ጃማይካ ሄደው አንድ ጃማይካዊ በወጉ ሳያናግሩ የሚመለሱ አሉ። አልፈርድባቸውም። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሥራ ሲሠራ የከረመ ሰው ሳምንት ተኝቶ ቢያርፍ ምን ይደንቃል? ግን በዚያው ደሴት ላይ፣ በደቡብ በኩል፣ ሌላ ዓይነት ቦታ አለ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው።

ትሬዠር ቢች ይባላል፤ ሴንት ኤልዛቤት በሚባለው አውራጃ ውስጥ ነው። አንድ ቦታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቢሊስ ቤይ፣ ፍሬንችማንስ ቤይ፣ ካላባሽ ቤይ፣ ግሬት ቤይ የሚባሉ ትንንሽ የባሕር ዳርቻዎች ተያይዘው ነው ይህን ስም የያዙት። ከሞንቴጎ ቤይ ኤርፖርት በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ፍየል ያቋርጠዋል፣ የሚነዳውም በግራ በኩል ነው። ባለቤቴ "እኔ እነዳለሁ" ብሎ ነበር፤ የመጀመሪያዋን ኩርባ ሲያይ ሾፌር መያዛችንን አመሰገነ።

ስትደርሱ የሚገርማችሁ ነገር አለ። ካሪቢያን ሲባል ጫካና ፏፏቴ ትጠብቃላችሁ አይደል? ይሄኛው ጥግ ግን ተራራው ዝናቡን ስለሚያስቀርበት ደረቅ ነው። ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ቁልቋል። ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ሳየው ከዝዋይ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን መንገድ መሰለኝ። ገበሬዎቹ ጊኒ ግራስ የሚባል ሣር አጭደው ያደርቁና በተክሉ መሐል ያነጥፉታል፤ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን። በዚህ ብልሃት ሽንኩርቱን፣ ጦስኙን፣ ሐብሐቡን ያበቅሉታል። አውራጃውም የጃማይካ ጓዳ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ማሳውን አይታ "ማሚ፣ ሣር የጎዘጎዙት ቡና ሊያፈሉ ነው?" አለችኝ። ለሾፌሩ ተረጎምኩለትና እስከ መንደሩ ድረስ ሲስቅ ሄደ።

አሸዋውም በፖስታ ካርድ እንደምታዩት ነጭ አይደለም፤ ጠቆር ያለ ነው። ትልልቅ ሆቴል አታዩም። የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ትንንሽ ምግብ ቤቶች፣ ግሮሰሪ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ደግሞ አሸዋው ላይ የተጎተቱ ቀለም የተቀቡ ጀልባዎች። ማታ የሚሰማችሁ ማዕበሉና የውሻ ጩኸት ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ መጀመሪያ ቀን "እዚህ ምንም የለም" አለ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ወሰድኩት።

ሐዋሳ አሞራ ገደልን ያያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። እዚያ አባ ኮዳ በዓሣው ዙሪያ እንደሚንጎራደደው ሁሉ፣ እዚህም ፔሊካኖቹ ጀልባውን ተከትለው ይመጣሉ። ጀልባው ሲጠጋ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ገብቶ ይጎትታል፤ ማንም ማንንም "እርዳኝ" አይልም። ልጄም ቆሞ ሲያይ አንዱ በጥቅሻ ጠራውና ጫማውን አውልቆ ገባ። ዓሣው እዚያው አሸዋ ላይ ይመዘናል፣ ይገፈፋል፣ በፓውንድ ይሸጣል። እኔ ሬስቶራንቴ የምገዛው ዓሣ ደርቆ በካርቶን የሚመጣ ነው። ዓይኑ የሚያበራ፣ ስንጥቡ እንደ ቃሪያ የቀላ ዓሣ ካየሁ ስንት ዘመኔ!

ዋጋውን ሰምቼ በሐገራችን ወግ "ትንሽ ቀንሱልን" ሊለኝ የሚችል ሰው ከጎኔ እንዳለ ስለማውቅ ባለቤቴን ቀድሜ ዝም አሰኘሁትና ዓሣ አጥማጁን ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። ዕድሜው ሰባ የሚጠጋ ሽማግሌ ነው። ቅርብ ያለው ባሕር ለብዙ ዓመት ከመጠን በላይ ስለተጠመደ ትልልቁ ዓሣ ርቋል አለኝ። ስለዚህ ፔድሮ ባንክ ወደሚባለው ጥልቀት የሌለው የባሕር ክፍል ይሄዳሉ፤ ከደሴቲቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ክፍት ጀልባ! ቤንዚን አለ፣ በረዶ አለ፣ የሞተር ጥገና አለ፣ የረዳቱ ድርሻ አለ። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀብኝም። የጠራውን ዋጋ ከፍለን ሄድን። እናንተም ብትሄዱ ዋጋ አንዴ ጠይቁ፣ ከተስማማችሁ ክፈሉ፤ የመርካቶ ክርክራችሁን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ምግቡን በዝርዝር ካልነገርኳችሁ ሥራዬን አልሠራሁም። ኤስኮቪች የሚባል አለ። ዓሣው ሙሉውን፣ ከነጭንቅላቱ፣ በደንብ ይጠበሳል። ከዚያ ሽንኩርት፣ ካሮትና ስኮች ቦኔት የሚባለው ቃሪያ በቀጭኑ ተከትፎ በሞቀ ኮምጣጤ ይለሰልስና ላዩ ላይ ይፈስበታል። ስኮች ቦኔት እንደ ትንሽ ቲማቲም የምታምር ቃሪያ ናት፤ በሚጥሚጣ የምትፎክሩ ሰዎች ግን ተጠንቀቁ። አብሮ የሚቀርበው ባሚ ነው። ካሳቫ ተፍቆ፣ ውኃው ተጨምቆ ወጥቶ፣ እንደ ቂጣ ይጋገራል፤ ኋላ በኮኮናት ወተት ተነክሮ ይጠበሳል። ይህን ምግብ ያወረሱት ኮሎምበስ ከመምጣቱ በፊት በደሴቲቱ ይኖሩ የነበሩት ታይኖዎች ናቸው። ልጄ "ዓሣው ያየኛል" ብላ ጭንቅላቱን በናፕኪን ሸፈነችው፤ ጉንጩ ላይ ያለችውን ሥጋ አውጥቼ ሳጎርሳት ግን ናፕኪኑን ራሷ አነሳችው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ እተዋለሁ።)

ከየት ናችሁ ማለታቸው አይቀርም። "ከአሜሪካ" ካላችሁ ፈገግ ይላሉ። "ከኢትዮጵያ" ካላችሁ ግን ወንበር ይሳባል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1966 መሆኑ ነው፣ ኪንግስተን ሲያርፉ የጠበቃቸው ሕዝብ ኤርፖርቱን አጥለቅልቆት ነበር፤ ራስታዎች ያንን ቀን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። የእኛ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ አለች። ያ ሽማግሌ እኔን "ኢምፕረስ" ብሎ ጠርቶኝ የዓሣ ከረጢታችን ላይ ሁለት ዓሣ ጨመረበት። ስለ ንጉሡ በየቤታችሁ የሚባለው የተለያየ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የኔም አባትና አጎቴ በዚህ ጉዳይ ማዕድ ላይ ተጣልተው ያውቃሉ። ግን ልጆቻችሁን አስቀድማችሁ አስረዷቸው። የሰው እምነት ነው፤ ሳቅም፣ ፖለቲካም ቦታው እዚያ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እኛ የሄድነው የካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ 3 ቀን 2024 ሀሪኬን ቤሪል ያንን ደቡባዊ ዳርቻ መትቶት ነበርና ብዙ ቤት ገና በሰማያዊ ሸራ እንደተሸፈነ ነው የደረስነው። ሰዉ እየጠገነ፣ እየቀባ፣ እንግዳ እየተቀበለ ነበር። ከዚያ በዚያው ዓመት ጥቅምት 28 ቀን ሀሪኬን ሜሊሳ መጣ። ደረጃ 5፣ ማለትም የመጨረሻው ደረጃ። የአውራጃው ዋና ከተማ ብላክ ሪቨር፣ እኛ ቤንዚን የቀዳንበት፣ ልጆቹ ጭማቂ የጠጡበት፣ በፎቶ ሳየው ላውቀው አልቻልኩም።

ያረፍንበትን ቤት ሴትዮ ለማግኘት ብዙ ቀን ደወልኩ። በመጨረሻ አነሳች። ጣሪያው ግማሹ ሄዷል፣ ሰዎቿ ግን ደህና ናቸው። "እንግዲህ የሰው መከራ ላይ ሽርሽር ይኬዳል?" ብላ አንድ ደንበኛዬ ጠይቃኝ ስለነበር፣ ያንኑ ለሴትዮዋ ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለችና "ዓሣውን ታዲያ ማን ይብላው? ክፍሉንስ ማን ይከራየው?" አለችኝ። እዚያ ሰው የሚኖረው በሦስት ነገር ነው፤ በባሕሩ፣ በማሳው፣ በእንግዳው። ማሳውንና ጀልባውን ነፋስ መታው። እንግዳው ግን የሚቀረው በራሱ ፈቃድ ነው። በኔ አስተያየት መሄድ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳይጠይቁ መሄድ ነው። ደውሉ፤ መብራቱና ውኃው ተመልሷል ወይ፣ ክፍሉ ዝግጁ ነው ወይ በሉ። ምን ይዤ ልምጣ በሉ። እኔን የጠየቀችኝ የጣሪያ ምስማርና የዓሣ መንጠቆ ነበር፤ ልብስ ልልክ ሳዘጋጅ ነበር እኮ። ባዶ እጅ መሄድ በእኛም ወግ የለም።

ጥቂት ነገር ልጨምርና ላብቃ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ ቪዛ አጣሩ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ባሕሩ በአንዳንድ ቦታ ወደ ውስጥ የሚጎትት ኃይለኛ ሞገድ አለው፤ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ዓሣ አጥማጆቹን "የት ነው የሚዋኘው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሎብስተር የምትበሉ ከሆነ ከሚያዝያ 1 እስከ ሰኔ 30 በፈረንጆች አቆጣጠር ማጥመድ ክልክል ነው፤ የሚራባበት ጊዜ ስለሆነ ቢያቀርቡላችሁም እምቢ በሉ። ጀልባዎቹ የሚገቡበት ሰዓት እንደ ባሕሩ ጠባይ ይለዋወጣልና ማታ ጠይቃችሁ እደሩ። ልጆቹንም በጊዜ አስተኟቸው።