የተቀመጥሁበት መኸር

በኅብረታችን መጽሔት ላይ ስለ ራስ ሕመም መጻፍ እምብዛም የተለመደ አይደለም። እኔም ይህን ከመጀመሬ በፊት ብዙ አመነታሁ። ነገር ግን ወደ ትምህርቴ በተመለስሁ ሰሞን ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ አንዱ፣ «አንድ ሴሚስተር ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምህ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «ተቀምጬ ከረምሁ» ብዬ መለስሁለትና ሳቀ። መልሱ በእርግጥ ያስቃል። ሆኖም በዕድሜዬ እንደዚያ መቀመጥ የከበደኝ ሥራ የለምና ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

አገሬ ምዕራብ ጎጃም ነው። የተወለድሁት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ባለች መንደር ነው። ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ የሚበቅልበት አገር ነው። አባቴ በዚህች መንደር የታወቁ ገበሬ ነበሩ። «ነበሩ» ማለቴ ሞተው አይደለም፤ ዓይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ስለ ሆነ ነው።

የአባቴ ዓይን መድከም ሲጀምር የመንደሩ ሰው ሁሉ ሞራ ነው አለ። «ሞራ እስኪበስል ይጠበቃል፤ ሲበስል ሐኪም ይገፈዋል» ተባለ። አባቴም ጠበቁ። መጀመሪያ በጎናቸው የሚመጣውን ከብት ማየት ተሳናቸው፤ ቀጥሎ በሬ ሲጠምዱ ከቀንበሩ ጫፍ ጋር ይጋጩ ጀመር። ፊት ለፊት ያለውን ግን እስከ መጨረሻው አጥርተው ያዩ ስለ ነበር ነገሩ የከፋ አልመሰላቸውም። ሐኪም ዘንድ በደረሱ ጊዜ፣ «ሞራ አይደለም፤ ግላኮማ ነው። ዓይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ነርቭ ሞቷልና የጠፋው አይመለስም» ተባሉ። ሞራ ይገፈፋል፤ ግላኮማ ግን የወሰደውን አይመልስም። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህም መካከል ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 ከመቶው በትራኮማ፣ 5.2 ከመቶው በግላኮማ ምክንያት ነው። አባቴ ከግማሹ ወገን መስለዋቸው ሲጠብቁ ከመጨረሻዎቹ ወገን ሆነው ተገኙ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የሩቁን አጥርቼ ስለማላይ መነጽር አደርጋለሁ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ መነጽሬ ተሰብሮ ሌላ ላሠራ ብሄድ ሐኪሙ ዓይኔን በመሣሪያ አየና፣ «በቤተ ሰብህ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ጕልበቴ ራደ። ጤናማ የዓይን ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የእኔ በቀኝ 26፣ በግራ 34 ነበር። የግራው ዓይኔ ከዳር ያለውን ማየት አቁሟል፤ እኔ ግን አንድም ቀን አላወቅሁም። ቲሞሎል የሚባል ጠብታ ታዘዘልኝ፤ ሌላም ተጨመረበት። ቀኙ ተሻለው፤ ግራው ግን እምቢ ስላለ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ተባለ። አባቴ አንዱን በሬ ፍኖተ ሰላም ገበያ አስነድተው ሸጡና ገንዘቡን ሰጡኝ። «እኔ ጠብቄ አየሁት፤ አንተ አትጠብቅ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገልኝ ባሕር ዳር ነው። ኬርንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1968 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ዓይን በውስጡ ሁልጊዜ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ያመነጫል፤ በቀን ሙሉ የሚያመነጨው ቢሰበሰብ ከአንዲት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ውኃው መውጫው ሲጠብበት ግፊቱ ከፍ ይልና ነርቩን ይገድላል። ሐኪሙ በዓይን ነጭ ላይ፣ ከላይኛው ቆብ ሥር፣ አዲስ የውኃ መውጫ ያበጃል። የወጣት ሰው ቁስል ቶሎ ጠግጎ መውጫውን እንዳይደፍነው ማይቶማይሲን የሚባል መድኃኒት ይቀቡታል። በማግስቱ ሲለካ ግፊቴ 9 ሆኖ ስለ ተገኘ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በሳምንቱ ግን ነገሩ ተለወጠ። የግራ ዓይኔ ደፈረሰብኝ፤ የበሩ መቃን ቀጥ ያለው እንጨት እንደ እባብ ተጣምሞ ታየኝ፤ ዓይኔን ሳርገበግብ የማየው ነገር ይዋልላል። ሲለካ 3 ሆነ። ከ6 በታች ሲሆን ግፊቱ እጅግ አነሰ ይባላል። ሐኪሟ ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ ብርሃን ስታየው ቁስሉ ወደ ውጭ አያፈስም። ነገር ግን አዲሱ መውጫ ዓይኑ ከሚያመነጨው በላይ እያስወጣ ስለ ሆነ ዓይኑ እንደ አየር ያነሰው ኳስ ለስልሷል፤ ከኋላ ያለው መጋረጃም ተሸብሽቧል አለችኝ። በወጣቶች፣ ይልቁንም የሩቁን በማያዩ ወንዶች ላይ ይህ እንደሚበዛ ነገረችኝ። «አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ራሱን ያጠብባል፤ አንተ ግን አታውከው» አለችና ትእዛዙን ቆጠረችልኝ። ከባድ ነገር አታንሣ፤ ወደ መሬት አታጐንብስ፤ አታምጥ፤ ዓይንህን አትሽ፤ ስትተኛ ራስህን ከፍ አድርግ፤ ሌሊት ጋሻውን በፕላስተር ለጥፈህ እደር። በግራው ዓይን ከእንግዲህ ቲሞሎል አይገባም፤ በቀኙ ግን ይቀጥላል። ለግራው አትሮፒንና የእብጠት ማብረጃ ጠብታ ታዘዘለት። ድንገት ብርቱ ሕመም ከተሰማህ፣ ብርሃን ከጠፋብህ፣ ወይም ቀልቶ መግል ካወጣ ሌሊትም ቢሆን ና አለችኝ።

ባሕር ዳር እንድቆይ መክራኝ ነበር። ነገር ግን ያረፍሁበት ዘመዴ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከነልጆቹ የሚኖር ሰው ነበርና አፈርሁ። በሳምንቱ እመለሳለሁ ብዬ በዳንግላና በእንጅባራ አድርጌ፣ በቡሬ በኩል አገሬ ገባሁ። ዛሬ ብጠየቅ ሰው ደጅ ላይም ቢሆን እተኛለሁ እንጂ ከሐኪሜ አልርቅም እላለሁ።

አባቴ ነገሩን ሲሰሙ ግራ ገባቸው። «ከፍ ማለቱ ነው በሽታው ብላችሁ በሬ አሸጣችሁኝ፤ አሁን ደግሞ ዝቅ ማለቱ በሽታ ሆነ?» አሉ። ሐኪሟ እንደ ነገረችኝ ስለ ውኃውና ስለ መውጫው ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው አዲስ ቦይ ነዋ! አዲስ ቦይ መጀመሪያ ውኃ ያባክናል፤ አፈሩ ሲረግጥ ይይዛል። እስኪይዝ ግን ከብት አይነዳበትም» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘበኛዬ እሳቸው ሆኑ።

ጊዜው ታኅሣሥ ነበር። ጤፍ ይወቃል፤ በርበሬ ይለቀማል፤ በየደጁም ተሰጥቶ ይደርቃል። እናቴ በርበሬ ብትደልዝ አቧራው ያስነጥሰኛል ብላ እቃዋን ይዛ እኅቷ ቤት ሄዳ ትወቅጥ ነበር። ጾመ ነቢያት ነበርና ሆዴ እንዳይደርቅና እንዳላምጥ ተልባና ጎመን ታበላኛለች። ጫማዬን የሚያስረው፣ እግሬንም የሚያጥበው ታናሽ ወንድሜ ነው። እናቴ ጠበል ዓይኔ ላይ እንዲረጭልኝ ብትፈልግ የንስሐ አባታችን፣ «ቁስሉ እስኪጠግግ ይጠጣው፤ እግሩንም ይቀባ፤ ዓይኑ ላይ ግን አታፍስሱበት። ስግደቱንም ቆሞ ይጸልይ፤ አይጐንበስ» ብለው ገላገሉኝ።

የጠብታዎቹ ጠርሙሶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። አንድ ማታ በኩራዝ ብርሃን ቲሞሎሉን በግራ ዓይኔ ላደርግ ስል አባቴ፣ «የትኛው ነው የያዝኸው?» ብለው ጠየቁኝና ነቃሁ። በማግስቱ በቀኙ ጠርሙስ አንገት ላይ ክር አሰሩበት። «ዓይን የሌለው ሰው በእጁ ይለያል፤ አንተም እስኪሻልህ በእጅህ ለይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትሁም።

ይሁን እንጂ በጣም የከበደኝ ይህ ሁሉ አልነበረም። የከበደኝ፣ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ሲደክም እኔ የሃያ አንድ ዓመት ጐረምሳ በጥላ ሥር መቀመጤ ነው። ከውጭ የሚታይ ቁስል የለኝም። መንገደኛው፣ «ተማሪው ሰነፈ» እያለ ያልፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ ዳመና መጣ። የእኛ ክምር ገና አልተወቃም ነበርና ሰው ሁሉ ሸራ ሊያለብስ፣ ነዶውንም ሊሰበስብ ሮጠ። እኔም አላስችለኝ ብሎ ዘልዬ ተነሣሁና አንድ ሸክም ነዶ ልይዝ ጐንበስ አልሁ። አባቴ ከተቀመጡበት ድምፄን ሰምተው፣ «ቁጭ በል!» ብለው ጮኹብኝ። እንደዚያ ሲጮኹብኝ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ነዶውን ጣልሁት። ዝናቡ መጣ፤ ከጤፉም ጥቂቱ ረጠበ። አባቴ ወደ እኔ እየዳሰሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ጤፍ በየዓመቱ ይዘራል» አሉኝ።

ያን ሌሊት ግንባሬን ጠቀጠቀኝ፤ የቀረው ብርሃን የሚጠፋ መስሎኝ እስኪነጋ አልተኛሁም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ አንዳንድ ሰሞን ይከፈት፣ አንዳንድ ሰሞን ይዘጋ ነበር። በዚያም ሳምንት ወደ ባሕር ዳር መኪና አልነበረም፤ ስልክም አይሠራም። በማግስቱ ከወንድሜ ጋር ቀስ ብለን እስከ አስፋልቱ ሄድን፤ ከዚያም በባጃጅ ፍኖተ ሰላም ደረስን። አንዲት የጤና ባለሙያ ዓይኔን በባትሪ ብርሃን አየችልኝ። በእጅዋ የግፊት መለኪያ ባይኖራትም፣ መቅላትም መግልም እንደሌለበት፣ ጣቷንም ስትቆጥርልኝ እንደማይ አይታ፣ «መንገዱ እንደ ተከፈተ ሂድ፤ እስከዚያው የታዘዝኸውን አድርግ» አለችኝ። የሰማሁት ነገር አዲስ አልነበረም፤ ግን ልቤ ተመለሰ።

በሳምንቱ እመለሳለሁ ያልሁት በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ባሕር ዳር ደረስሁ። ግፊቴ 5 ሆኖ ነበር። ሐኪሟ ባይጨምር ኖሮ በዓይኑ ውስጥ ወፍራም ፈሳሽ ልታስገባበት ወይም መውጫውን በስፌት ልታጠብበው አስባ እንደ ነበር ነገረችኝ። በዚህ ጊዜ ግን አፍሬ አልተመለስሁም፤ አንዲት ትንሽ ክፍል ከሌሎች ሕሙማን ጋር ተጋርቼ ቆየሁ። በሚቀጥለው ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 10 ሆነ፤ በዚያው ጸና። የበሩ መቃን ቀስ በቀስ ቀጥ አለ። ጨርሶ ግን አልተካከለም፤ በግራ ዓይኔ ብቻ ሳነብ የመስመሩ መካከል ዛሬም ጥቂት ይወዛወዛል። ከዳር የጠፋውም አልተመለሰም። ቢሆንም የቀረልኝ ቀርቶልኛል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛ ተማሪዎች ነገርን ሁሉ በትጋትና በሩጫ የምናሸንፍ ይመስለናል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ሐኪም የሠራው ሥራ የሚፈርስበትም የሚጸናበትም ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ መቀመጥ ራሱ ሥራ ነው። ሌላም ልለምናችሁ የምፈልገው አለ። ግላኮማ በዘር ይሄዳል፤ አያሳክክም፤ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ እንደ እኔ ያለውን ሰው ከዳር ጀምሮ ሲበላው አይታወቀውም። ከእናንተ መካከል «ሞራ ነው፤ ይብሰል» ተብሎ የሚጠብቅ አባት ወይም አያት ያለው ቢኖር፣ ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ያሳየው። ራሱም ይታይ።

እኔ በተሻለኝ ጊዜ ወንድሜንና ቡሬ ያገባችውን ታላቅ እኅቴን ይዤ ሄጄ አስመረመርኋቸው። ወንድሜ ደኅና ነው፤ በየዓመቱ እንዲታይ ታዝዟል። የእኅቴ ግፊት ግን 27 ሆኖ ተገኘ። ከዳርም ከመካከልም ገና ምንም አልጠፋባትም፤ በጠብታ ላይ ናት። ይህን ለአባቴ በነገርኋቸው ቀን ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው በሬው አልተሸጠም በለኛ» አሉኝ።