ያላየነው ቀለበት

በግቢያችሁ የፈካውን አበባ ንብ የምታየው እናንተ በምታዩት መልክ ይመስላችኋልን?

ባለቤቴ የዛሪማ ልጅ ናት። ከደባርቅ ብርድ ተነሥተን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን እናቷን እንጠይቃለን። በአንደኛው ጉብኝታችን ፎቶ አንሺ የሆነው ወንድሟ በጓሮው የነበረውን የሱፍ አበባ ሁለት ጊዜ አነሣው፤ አንዴ እኛ በምናየው ብርሃን፣ አንዴ ደግሞ አልትራቫዮሌት በሚባለው።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በካሜራው ውስጥ አልትራቫዮሌትን የሚያግደው መስተዋት ይነሣል፤ በሌንሱ ላይ ደግሞ የሚታየውን ብርሃን ከልክሎ አልትራቫዮሌትን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይገጠማል። የሚገባው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ ካሜራው በማቆሚያ ላይ ረግቶ፣ ነፋሱም ጋብ እስኪል ይጠበቃል።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አየናቸው። በመጀመሪያው የአበባው ቅጠሎች ከጫፍ እስከ ሥር ቢጫ ናቸው። በሁለተኛው ግን ጫፋቸው በርቶ ሥራቸው ጠቁሯል፤ መካከሉን ጥቁር ቀለበት ከቦታል።

የሰው ዓይን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ነው። የንብ ዓይን ግን ከ300 ገደማ ይጀምራል። በአንጻሩ ቀይን እኛ እንደምናየው አታየውም። ንቦች ቀለም እንደሚለዩ በሙከራ ያሳየው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ቀለበቱ ንቧን ወደ ማሩ ይመራታል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ የጠቆረው ክፍል ሲሰፋ ከአበባው የሚተነው ውኃ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ባለቤቴ ፎቶውን ትክ ብላ አየችና፣ «በእኔም ውስጥ አንተ የማታየው አለ» አለችኝ። «ንገሪኝ» አልኋት። አባቷ ካረፉ ወዲህ እናቷ ብቻቸውን ሲያመሹ እያሰበች ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ነገረችኝ። ያን ምሽት ተመካከርን፤ በየወሩ ዛሪማ ሰንብታ እንድትመለስ፣ እኔም ልጆቹን ይዤ እንድቆይ ተስማማን።

እናንተ ባለትዳሮች ሆይ፣ የትዳር ጓደኛችሁ «ከብዶኛል» ሲላችሁ፣ «እኔ ምንም አይታየኝም» ብላችሁ አትለፉት። ቀለበቱ እኛ ስላላየነው ከአበባው ላይ አልጠፋም። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ተጠያየቁ። ከዚያም መልሱን ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው ስሙ።